ስለ ታላላቅ የሥራ መኪናዎችና በአጠገባቸው ስለሚቆመው ሰው

የሥራ ተቋራጮች፣ መሐንዲሶች፣ ፎርማኖችና ኦፕሬተሮች፤ እንዲሁም ነገ በዚሁ ሙያ ልትሰማሩ ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤

በአገራችን አንድ የቀን ሠራተኛ በዶዘር ወይም በገልባጭ መኪና ተደፍጥጦ በሞተ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ በድንኳኑ ሥር ከተቀመጠና የመጀመሪያው ዋይታ ጋብ ካለ በኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምን ይደረግ፤ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፤ ሌላውም ራሱን ነቅንቆ ያንኑ ቃል ይደግመዋል። ይህ ቃል ለሟች እናት የሚነገር ማጽናኛ እንደ መሆኑ መጠን አከብረዋለሁ፤ ልቧ የተሰበረን እናት በምክንያትና በማስረጃ ማጽናናት አይቻልምና። ነገር ግን ያው ቃል ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ሥራው ቦታ ሲመለስ፣ በአሠሪው፣ በመሐንዲሱና በፎርማኑም አፍ ሲነገር፣ ማጽናኛነቱ ይቀርና መሸሸጊያ ይሆናል። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት ይህን መሸሸጊያ ለማፍረስ ነው፤ በእንዲህ ያለው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰው ቀኑ ሳይሆን መኪናው መሆኑን፣ መኪናውም ከሰውዬው ዘንድ ሊደርስ የቻለው ሁለቱ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ምንም ሥርዓት እንዲተላለፉ ስለ ተተዉ መሆኑን በምችለው መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሞት ሁሉ ከላይ የታዘዘ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ አነጋገሬ ቅር እንዳይለው፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጻፈውን የሰሊሆምን ግንብ ነገር አስታውሰዋለሁ። ግንቡ ተንዶ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ሟቾቹ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሰዎች ሁሉ የባሱ በደለኞች ሆነው የተቀጡ እንዳይመስላቸው ጌታችን ለሚሰሙት ነገራቸው። ግንቡን ማን እንደ ሠራው፣ መሠረቱን ማን እንደ ቈፈረው፣ ከመናዱ በፊት ስንጥቁን ማን አይቶ ዝም እንዳለ ግን ወንጌሉ አይነግረንም፤ ይህ ጥያቄ ለእኛ፣ ለግንበኞቹና ለአናጢዎቹ የተተወ ይመስለኛል።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት በነበረው ዘመን፣ መንገድ ማለት በአመዛኙ ዶማና አካፋ፣ መዶሻና ድማሚት፣ ከሁሉም በላይ የብዙ ሺሕ ሰው ክንድ ነበር። የሰው ክንድ አድካሚ መሣሪያ ቢሆንም አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ዶማውን የሚያነሣው ሰው አጠገቡ የቆመውን የባልንጀራውን ፊት ያያል፣ ቢስትም የሚስተው በራሱ ጉልበት ልክ ነው። ዛሬ ግን መካከለኛ የሚባለው እስካቫተር ከ20 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ተራራ የሚገፋው ትልቁ ዶዘር ከ35 ቶን ያልፋል። ይህን ሁሉ ክብደት የሚያዘው አንድ ሰው ነው፣ እርሱም በጣቶቹ ጫፍ። እ.ኤ.አ. በ1904 ቤንጃሚን ሆልት የተባለው አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ በሰንሰለት የሚሄደውን ትራክተሩን ሲሞክር፣ ያስጨነቀው ነገር ከባዱ መኪና በረግረጉ መሬት እንዳይሰምጥ ነበር። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና በአጠገቡ ያለውን ሰው የሚያስጠነቅቅበት ጩኸት ግን በጃፓን አገር ተሠርቶ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ዘመን ስመለከት፣ የሰው ልጅ ለመሬቱ ካሰበ በኋላ ለራሱ እስኪያስብ ድረስ ብዙ ጊዜ እንደ ፈጀበት እታዘባለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ፤ ሥሩም የመኪናው ዕውርነት ነው።

ጥንት ነገሥታቶቻችን ከመጋረጃ በስተ ኋላ ተቀምጠው ችሎት ያዩ እንደ ነበር በታሪክ እናነባለን፤ ንጉሡ ሁሉን ያያል፣ እርሱን ግን ማንም አያየውም። የእስካቫተር ኦፕሬተር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከፍ ባለው መንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲታይ ሁሉ ያየዋል፣ እርሱ ግን ከምንገምተው እጅግ ያነሰ ያያል። ከታች የቆመው ሠራተኛ ቀና ብሎ የመኪናውን መስተዋት፣ የኦፕሬተሩን ቆብና ትከሻ ባየ ጊዜ፣ «እኔ ካየሁት እርሱም አይቶኛል» ብሎ በልቡ ይደመድማል፤ ስንቱን ሰው ለሞት የዳረገው ይህ የአንድ ቅጽበት ድምዳሜ ነው። የኦፕሬተሩ መቀመጫ በመኪናው በስተ ግራ በኩል ነው፤ በስተ ቀኙ ረጅሙ ክንድ እየተነሣና እየወደቀ ያን ወገን ይጋርድበታል፤ ከኋላው ሞተሩና ሚዛን መጠበቂያው የብረት ክብደት አለ። ስለዚህ በስተ ቀኝና በስተ ኋላ የቆመ ሰው፣ መስተዋት ወይም ካሜራ ካልረዳው በቀር፣ ለዚያ ኦፕሬተር በዓለም ላይ የለም። ሎደር ባኬቱን ሞልቶ ከፍ አድርጎ ሲሄድ የገዛ ሸክሙ ፊቱን ይሸፍነዋል። የገልባጭ መኪና ነጂ ደግሞ ሩቁን አስፋልት አጥርቶ እያየ፣ ከመከላከያው ብረት ሥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስረውን ሰው፣ ከቀኝ በሩም በታች የቆመውን ሰው ማየት አይሆንለትም።

ይህን በቃል መናገር ብዙም አይጠቅም፤ በዐይን ማሳየት ግን ይቻላል፣ ወጪውም አንድ ጆንያ ኖራ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙት፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም ይነቀል፤ ኦፕሬተሩ እንደ ልማዱ መቀመጫው ላይ ይቀመጥ። ከዚያም አንድ ሠራተኛ ኖራ በእጁ ይዞ፣ በሥራ ላይ እንደሚጎነበስ ያህል ጎንበስ ብሎ መኪናውን ይዙር፤ ኦፕሬተሩ «ጠፋህብኝ» ባለው ቦታ ሁሉ መሬቱን በኖራ ያንጣው፤ «አየሁህ» እስኪለውም ድረስ ከመኪናው ወደ ውጭ ይራቅ። ዙሩ ሲፈጸም ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የነጣውን መሬት ይመልከት፤ ከዚያም በየተራው ወደ መቀመጫው ወጥቶ ከዚያ ከፍታ የገዛ ጓደኛው እንዴት እንደሚሰወር በገዛ ዐይኑ ይይ። በአሜሪካ አገር የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ የምርምር ተቋም ለብዙ ዓይነት የግንባታ መኪናዎች ይህን የመሰለ የዕውር ሥፍራ ሥዕል አዘጋጅቷል፤ ሥዕሉ መልካም ነው፣ ነገር ግን እንደ ኖራው ያለ አስተማሪ አላገኘሁለትም፤ በወረቀት ላይ የታየ ጥላ ይረሳል፣ ትናንት ጠዋት ራሱ ቆሞበት የነበረው መሬት ሲነጣ ያየ ሰው ግን አይረሳውም።

ዕውርነቱ ላይ ፍጥነት ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ገልባጭ መኪና በሥራ ቦታ ውስጥ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ማንም ሰው «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» ይላል፤ ዳሩ ግን ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬኑን እስኪነካ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ቢያልፍ፣ መኪናው ገና ማቆም ሳይጀምር 8 ሜትር ሄዷል። በዚያ 8 ሜትር ውስጥ ባሬላ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ይኖራሉ፣ ባሬላውን ጥለው መሮጥ ቢያምራቸው እንኳ ሲሚንቶው እንዳይፈስ የሚያስቡ ሴቶች።

የኛ አገር ልማድ ይህን ዕውርነት ለማካካስ ረዳትን አቁሞልናል። ረዳቱ ከገልባጩ በስተ ኋላ ይቆምና በመዳፉ የመኪናውን ብረት እየመታ «ና! ና! ና! ግራ ስበር! ና! በቃ!» እያለ ይጮኻል። ልጁ ትጉህ ነው፣ ድምፁም ጎልማሳ ነው፤ ግን የቆመበት ቦታ ራሱ ነጂው ከማያየው ሥፍራ ውስጥ ነው። ዶዘርና ሚክሰር በሚጮኹበት ቦታ ድምፁ ነጂው ጆሮ ባይደርስ፣ ወይም እግሩ በድንጋይ ተሰናክሎ ቢወድቅ፣ ዝምታውን ነጂው «ገና ነው» ብሎ ይተረጕመዋል። ስለዚህ ምልክት ሰጪነት ከጩኸት ወደ እጅ፣ ከኋላ ወደ ጎን መዛወር ይገባዋል፤ ምልክት ሰጪው ነጂው በመስተዋቱ ዘወትር በሚያየው ቦታ፣ ከመኪናው መሄጃ ውጪ ይቁም፤ ከሌላው ሠራተኛ የሚለይ ሰደርያ ይልበስ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ፣ ይልቁንም ስልክ፣ በእጁ አይኑር። ነጂውም አንድ ሕግ ብቻ በልቡ ይጻፍ፤ ምልክት ሰጪው ከዐይኑ የተሰወረበት ቅጽበት መኪናው የሚቆምበት ቅጽበት ነው። ና የሚለውን ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቁም የሚለውን ምልክት ግን ጥበቃውም፣ ሻይ የምታመጣውም ልጅ፣ ማንም ቢሰጠው ሊከበር ይገባል።

ቅድም ያነሣሁት የኋላ ማስጠንቀቂያ ጩኸትስ አይበቃምን? የሚል ይኖራል። ጩኸቱ መልካም ፈጠራ ነው፤ ዳሩ ግን አምስት መኪና በአንድ ጊዜ ሲጮኽ በሚውልበት ቦታ ጆሮ ይደነዝዛል፣ የትኛው መኪና ከየት እንደሚመጣም አይለይም። በሌሊት በሚሠራበት መንደር ደግሞ ነዋሪው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሲያማርር፣ ሽቦውን በጥሶ ዝም ማሰኘት ቀላል መፍትሔ መስሎ ይታያል። ከዚህ የተነሣ በሌላ አገር ከጢጢታ ይልቅ እንደ ነፋስ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ያለው ማስጠንቀቂያ እየተለመደ መጥቷል፤ ድምፁ በየት አቅጣጫ እንዳለ ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል፣ ራቅ ያለውንም ሰው ብዙ አያውክም። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን እኔ ከጩኸቱ ይልቅ የምወደው ወደ ኋላ መሄድን ጨርሶ የሚያስቀር አሠራር ነው። መሐንዲሱ የሥራውን ቦታ ሲነድፍ ገልባጩ በአንድ በር ገብቶ፣ ጭነቱን ደፍቶ፣ ዞሮ በሌላ በር የሚወጣበትን መንገድ ከሳለ፣ የእግረኛውንም መተላለፊያ በገመድ ሳይሆን በማይገፋ አጥር ከለየ፣ ረዳቱም የሚጮኽበት ምክንያት ይቀራል። ቦታው ጠባብ ነው የሚል መልስ ይሰጠኛል፤ በመሐል ከተማ በእርግጥ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ቦታ ካልተገኘ ሰዓት ይገኛል፣ ማለትም መኪናው በሚገባበት ሰዓት ሰው ይወጣል፣ ሰው በሚሠራበት ሰዓት መኪናው ይቆማል።

ስለ እስካቫተር ዙረት ለብቻው ጥቂት ልናገር። ይህ መኪና እግሩን ሳያንቀሳቅስ ወገቡን ብቻ ዙሪያውን ስለሚያዞር፣ የቆመ የሚመስለው መኪና ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ ፊቱ ላይ ባኬቱ አፈር ሲያነሣ የሁሉም ዐይን ወደዚያ ይሄዳል፣ ከኋላው ግን ያ የብረት ክብደት ያለ ድምፅ እየዞረ፣ በመኪናውና በግንቡ መካከል አቋርጦ ሊያልፍ የፈለገውን ሰው ይጠብቀዋል። በእንግሊዝ አገር የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ በሚዞረው ክብደትና በማይንቀሳቀሰው ነገር መካከል ቢያንስ 0.5 ሜትር እንዲተው ያዝዛል፤ ይህን ያህል ከሌለ መተላለፊያው ይታጠራል። ከኦፕሬተሩ ጋራ መነጋገር የሚፈልግ ሰው፣ መሐንዲስም ቢሆን፣ ከዙረቱ ክብ ውጪ ቆሞ እጁን ያንሣ፤ ኦፕሬተሩም ሲያየው ባኬቱን መሬት ላይ ያሳርፍ፣ እጁን ከመዘውሩ ያንሣ፣ በራሱም ንቅናቄ ይፍቀድለት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይቅረብ። አለቆች ይህን ሥርዓት ከሁሉ አብልጠው ሲያፈርሱ አያለሁ፤ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው መኪናው ራሱ የሚያከብረው ይመስለዋል።

ወደ ተመልካቹም ሕዝብ ልሻገር። የአዲስ አበባ ሰው መኪና ሲቈፍር ማየት ይወዳል፤ እስካቫተር ጉድጓድ ባወጣበት ሁሉ በዙሪያው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚመለከት፣ ከኦፕሬተሩም ይልቅ አዋቂ ሆኖ ምክር የሚሰጥ አንድ ጉባኤ አይታጣም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ሥራ ሌት ተቀን በከተማይቱ መንገዶች ላይ ሲካሄድ፣ ሥራውና ሕዝቡ ግድግዳ ሳይለያቸው በአንድ ጎዳና ላይ ውለው አድረዋል። ሰደርያ የለበሰውን ሠራተኛ ማስተማር ይቻላል፤ ታክሲ ለመያዝ የሚቻኰለውን መንገደኛ ግን የሚያስተምረው አጥሩ ብቻ ነው።

አሁን የምናገረው ከመኪናው ይልቅ የገንዘብ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜም ችላ ይባላል። መኪናው የሚከራየው በሰዓት ነው፤ ገልባጩ የሚከፈለው በቢያጆ ነው። በሰዓት የተከራየ እስካቫተር ለአምስት ደቂቃ ቢቆም፣ «ሰዓት እየበላ ነው» ብሎ ፎርማኑ ይጮኻል፤ በቢያጆ የሚከፈለው ነጂ በቀን አንድ ቢያጆ ቢጐድልበት የልጁን ቀለብ ጐደለ ማለት ነው። እንግዲህ ቁም የሚለው ምልክት በተሰጠ ቍጥር አንድ ሰው ገንዘብ ያጣል፤ ምልክቱን የሚሰጠው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ ያለው ነው። ይህን የሒሳብ አሠራር ሳይለውጡ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ተጠንቀቁ» ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከንቱ ስብከት ነው። ኦፕሬተሩ ምሳ በወጣ ጊዜ ረዳቱ መቀመጫው ላይ ወጥቶ «የጀመረውን ልጨርስለት» የሚለውም ከዚሁ ከሰዓት ሒሳብ የተነሣ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚወርድ ኦፕሬተር ግን ይህን ፈተና ከሥሩ ይነቅለዋል።

ምሳ ካነሣሁ ዘንድ ስለ ጥላ ልናገር። ዛፍ በሌለበት ቆላ መንገድ ሲሠራ፣ በእኩለ ቀን በዙሪያው ያለው ጥላ የመኪናው ጥላ ብቻ ነው። ሠራተኛው ምሳውን በልቶ ከገልባጩ ሆድ ሥር ወይም ከሮለሩ ጎን ጋደም ይላል፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ይስባል፤ አቧራ የጠጣ ጋቢም የመሬቱን መልክ ይይዛል። ነጂው ከምሳ ሲመለስ ዙሪያውን ሳያይ ሞተር አስነሥቶ ከሄደ የሚሆነውን መናገር አያስፈልገኝም። በዚህ ነገር የሠራተኛውን ቸልተኝነት የሚወቅስ ሰው ራሱ በዚያ ፀሐይ አንድ ቀን ውሎ አያውቅም። መድኃኒቱ ከመኪናዎቹ ርቆ በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ አንድ ሸራና አንድ በርሜል ውሃ ነው፤ በሥራ ቦታ ከሚገዛው የደኅንነት ዕቃ ሁሉ ርካሹ ይህ ይመስለኛል። ነጂውም ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት በእግሩ አንድ ጊዜ መኪናውን ይዙር፤ ከጎማ ሥር አይቶ፣ አንድ ጊዜ ጡሩምባ ነፍቶ፣ ጥቂት ጠብቆ ይነሣ።

ኦፕሬተሩ ራሱም ሥጋ ለባሽ ነውና የእርሱም ነፍስ ይታሰብ። ሮለር የተደለደለ አፈር ዳር ሲጠቀጥቅ ዳሩ ከተናደ ይገለበጣል፤ በዚያን ጊዜ ተፈጥሮ «ዝለል» ትላለች፣ የዘለለውም ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ይነዳው በነበረው መኪና ሥር ይገኛል። በመኪናው ላይ የቆመው ጠንካራው የብረት ማዕቀፍ የተሠራው መኪናው ሲገለበጥ ለሰውዬው ባዶ ስፍራ ለመጠበቅ ነው፤ ግን ማዕቀፉ የሚጠብቀው በውስጡ የቆየውን ሰው ብቻ ነው፣ በውስጡ የሚያቈየውም የመቀመጫው ቀበቶ ነው። ስለዚህ ማዕቀፍ ያለውን ሮለር ያለ ቀበቶ የሚነዳ ሰው ግማሽ ጥበቃ እንኳ የለውም። የጉድጓድ ዳርም እንደዚሁ ነው፤ በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ያለው ጥቁር ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ያብጣል፤ ከዳሩ ላይ ከባድ መኪና ሲቆምበት ታች ያለው ሠራተኛ ላይ ይደረመሳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚመዝን፣ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ፊቱ ከአፈር ውጪ ቢሆንም መተንፈስ ያቅተዋል።

የኤሌክትሪክ ሽቦን ነገር በአጭሩ ላሳልፈው። በየመንደራችን የተዘረጋው 15 እና 33 ኪሎ ቮልት መሥመር ከላይ እያለ ገልባጭ ሣጥኑን አንሥቶ ጠጠር ሲደፋ፣ ከጠጠሩ ይልቅ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። በአሜሪካ ደንብ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ላለው መሥመር 3 ሜትር ያህል ርቀት ይጠበቃል። መኪናው ሽቦ ከነካ ነጂው ከመኪናው አይውረድ፣ ሌላውም አይቅረብ፤ እሳት ተነሥቶ መውረድ ግድ ከሆነበት መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፤ እግሮቹንም ሳይለያይ ጥቂት በጥቂት እየዘለለ ይራቅ፤ በመሬቱ ላይ ያለው ኃይል ከእግር እግር ስለሚለያይ ሰፊ እርምጃ የሚራመደውን ሰው ይገድለዋልና።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» ለሚለው ሰው የመጨረሻው መልስ ከሕጉ ዘንድ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ እንዳይሆን ታዝዛለች፤ እንግዲህ ከ2000 ዓመት በላይ ቀድሞ የነበረው ሕግ አውጪ የወደቀውን ሰው «ለምን አልተጠነቀቅህም» አላለውም፣ ጥያቄውን ያቀረበው ለባለ ቤቱ ነው። ኦሪት ዘጸአትም በምዕራፍ 21 የመውጋት ልማድ ያለውን በሬ ባለቤቱ እንደ ተነገረው እያወቀ ሳይጠብቀው ቢቀር ባለቤቱን ተጠያቂ ታደርጋለች። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህንኑ መንፈስ ይዞ፣ የእንስሳ ባለቤት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ወደ ሕንፃ ይሻገራል፣ ቀጥሎም በቁጥር 2081 ወደ መኪናና ወደ ሞተር ተሽከርካሪ ይደርሳል፤ መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት እንዳይድን አድርጎ። ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫው ላይ የሚወጣውን ረዳት የሕጉ አርቃቂዎች ያዩት ይመስላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ የመከላከያ ዕቃ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ፣ የደረሰውንም ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ቆብና ሰደርያ የሚገዛ አሠሪ ብዙ ነው፤ መዝገቡን የሚሞላ ግን ጥቂት ነው፤ ሳይሞት የተረፈውን፣ ማለትም ባኬቱ በፀጉሩ ላይ ያለፈበትን ሠራተኛ የሚመዘግብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ዛሬ ያለፈው ነገ የሚደርሰውን ስለሚነግረን ይህ መዝገብ ከቆቡ አይተናነስም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፣ በተለይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለሥራ ባለቤቶች የማቀርበው አንድ ልመና አለኝ። ጨረታ ሲወጣ ቁፋሮው በሜትር ኩብ፣ ድንጋዩ በሜትር ኩብ፣ ብረቱ በኪሎ ይቈጠራል፤ ምልክት ሰጪው፣ አጥሩ፣ የእግረኛው መተላለፊያ፣ የምሳው ሸራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻቸው ተጽፈው ዋጋ አይወጣላቸውም፤ «ተቋራጩ ያሟላል» በሚል አንድ መሥመር ይታለፋሉ። በዚህ አሠራር ሰውን የሚጠብቅ ተቋራጭ ዋጋው ከፍ ብሎ ይሸነፋል፣ የማይጠብቀውም በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች እንደ ሲሚንቶውና እንደ ብረቱ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ በየራሳቸው ተራ ይጻፉ፤ ሁሉም ተጫራች እኩል ዋጋ ይስጥባቸው፤ ተቈጣጣሪው መሐንዲስም ምልክት ሰጪ ሳይቆም የዋለውን ቀን ከክፍያው ይቀንስ። ለእስካቫተሩም ኪራይ እንደዚሁ፣ ለደኅንነት የቆመበት ደቂቃ እንደ ሥራ ደቂቃ ተቈጥሮ ይከፈል፤ ያን ጊዜ ፎርማኑ «ሰዓት እየበላ ነው» ብሎ የሚጮኽበት ነገር ይቀርለታል።

እኔ እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ከመሬት ሆኜ ካየሁት ነው። ከፊቴ በስተ ቀኝ የተቀመጡት ኦፕሬተሮች ግን ከላይ ሆነው የሚያዩትንና የማያዩትን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉና፣ የቀረውን ሰዓት ለእነርሱ ለቅቄአለሁ።